ዜና በተቀየረ ቁጥር መደቡን መቀየር ያዋጣል? (ስለ ጎዳና መጽሐፍ ንግድ)

አዲስ መደብ ጠየቀ፦

ሰላም ለቤቱ። አራት ኪሎ አካባቢ መጽሐፍ ዘርግቶ መሸጥ ለሚጀምር ሰው የሚሆን ምክር ፈልጌ ነው። መነሻው 40,000 ብር ነው። ቦታው በወረዳ በኩል የተፈቀደ ነው። ሸራው 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ይሆናል፤ ዕቃ የሚያድርበት ጥበቃ ያለው ግቢም ቅርብ አለ።

የቸገረኝ ምርጫው ነው። አላፊ አግዳሚው መደብ ላይ የሚቆመው ጠዋት በስልኩ ያነበበውን ይዞ ነው። ሰኞ ስለ ዓባይ የጠየቀ ሐሙስ ስለ ቀይ ባሕር ይጠይቃል፤ ቅዳሜ ደግሞ የአንድ የቀድሞ ባለሥልጣን ማስታወሻ "ወጣ አሉ፣ የለህም?" ይላል። እሱን እየተከተሉ ማምጣት መጽሐፉን እጅ ላይ ያስቀራል ብዬ እፈራለሁ፤ ካልመጣ ደግሞ "ምንም የለህም" ብሎ ይሄዳል። ከአንድ ርዕስ ስንት ፍሬ ይያዛል? ጋዜጣስ ዛሬም ያዋጣል? ደንበኛ ፖለቲካ ሲያነሳ ምን ተብሎ ይመለሳል? ኮፒ ከኦርጂናል በምን ይለያል? ክረምቱም እየመጣ ነው። የምታውቁ ብትነግሩኝ።


የለገሀር ሰው መለሰ፦

ወንድሜ፣ ዜና ሸራህ ላይ ምን ከፍ ብሎ እንደሚታይ ይነግርሃል እንጂ ምን በብዛት እንደምትገዛ አይነግርህም። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ገንዘቡ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ ሸራህን ቁጠረው። የተለመደው መጠን መጽሐፍ ወደ 15 ሳንቲሜትር ስፋትና 21 ሳንቲሜትር ቁመት አለው። በ2 ሜትር በ1.5 ሜትር ላይ ትንሽ ትንሽ ክፍተት እየተውክ ብትደረድር 12 በ6፣ ማለትም 72 ርዕስ ሽፋኑ እየታየ ይቀመጣል። ከዚህ ውስጥ ለወቅቱ ወሬ የሚሰጠው 5 ወይም 6 ቦታ ነው፤ ከዚያ አይለፍ። ቦታውም ሁለተኛው መስመር መሃሉ ላይ ቢሆን ይሻላል። የፊተኛው መስመር አቧራና የጫማ ጫፍ ያገኘዋል፤ አዲስ መጽሐፍ እዚያ ሦስት ቀን ከዋለ ያገለገለ ይመስላል። ደግሞ ሰውዬው ወደ ሁለተኛው መስመር ሲያጎነብስ ዓይኑ የፊተኞቹን ማየቱ አይቀርም።

አሁን ሂሳቡ። የሽፋን ዋጋው 500 ብር የሆነ መጽሐፍ በ20 በመቶ ቅናሽ አምስት ፍሬ ወሰድክ እንበል። አንዱ 400፣ አምስቱ 2,000 ብር። ሦስቱን በሙሉ ዋጋ ብትሸጥ 1,500 ገባ፤ ገና 500 ይቀርሃል። አራተኛው ሲሸጥ ዋናህን መለስክ። ትርፍህ ያለው አምስተኛው ላይ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ወሬው ከበረደ በኋላ የሚቀር አንድ ፍሬ "አንድ ብቻ እኮ ነው" የማይባለው፤ ያ አንዱ የሁሉም ትርፍ ነው። "የመጨረሻ ስንት?" ለሚልህ ሁሉ 50 ብር እየቀነስክ ከሸጥክ ደግሞ አምስቱም ተሸጠው የምታገኘው 250 ነው።

ስለዚህ የወቅቱን ፖለቲካ መጽሐፍ በ3 ፍሬ ጀምር። አከፋፋዮቹ ለገሀርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ናቸው፤ ከአራት ኪሎ ሩቅ አይደለም፣ ሁለቱ ሲሸጡ ሄደህ ትሞላለህ። "ሽጠህ ትከፍላለህ" የሚል አከፋፋይ ካገኘህ ቅናሹ በ5 በመቶ ዝቅ ቢል እንኳን ለወቅታዊው መጽሐፍ እሱን ምረጥ፤ ለነባሩ ግን ጥሬ ብር ከፍለህ ትልቁን ቅናሽ ውሰድ። ሽጦ መክፈልን ስትስማማ ተመላሽ እስከ መቼ እንደሚቀበል፣ ሰው ያገላበጠውን መጽሐፍ መልሶ ይወስድ እንደሆነ ወረቀት ላይ ይጻፍልህ። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

40,000ውን ብትከፍለው፦ 18,000 ለነባር (መዝገበ ቃላት፣ የፊደል ገበታ፣ የልጆች ተረት፣ ሁልጊዜ የሚፈለጉ ልቦለዶች፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም)፣ 10,000 ላገለገሉ መጻሕፍት፣ 5,000 ለወቅታዊው፣ የቀረው 7,000 ኪስ ውስጥ። ይቺን 7,000 እንዳትነካት። አንድ ጡረተኛ ሞቶ ወይም ቤት ተሸጦ ሙሉ መደርደሪያ በአንድ ጊዜ ሲቀርብ በዕለቱ ብር ያለው ነው የሚወስደው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዜና አዲሱን መጽሐፍ ብቻ የሚያሸጥ ይመስላል፤ ይበልጥ የሚያሸጠው ግን አሮጌውን ነው። ቀይ ባሕር ሲነሳ ሰዉ የሚፈልገው ስለ 1945ቱ ፌዴሬሽን፣ ስለ 1955ቱ ውህደት፣ ስለ አሰብ የተጻፈ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ተፈላጊው በምኒልክና በእንግሊዞች መካከል ስለተፈረመው የ1894ቱ ውል የሚያወራ መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለው ቀድሞም ከአከፋፋይ የለም፤ ካገለገሉት ውስጥ በርካሽ ገዝተህ ካርቶን ውስጥ ስታቆየው አይበላሽም፣ ወሬው ሲመጣ ታወጣዋለህ። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ ተራው ይደርሳል፤ የኛ አገር ወሬ ዞሮ ይመጣል።

ደግሞ ዜናው ባይታወቅም ቀን መቁጠሪያው ይታወቃል። መስከረም ተማሪና ፊደል ነው። የካቲት ሙሉውን ታሪክ ነው፤ የካቲት 12 ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 23 ዓድዋ፣ በዚያ ላይ የ1966ቱ አብዮት። ዐቢይ ጾም ሲገባ መንፈሳዊው ይነሳል፤ ከሕማማት በፊት ባለው ሁለት ሳምንት ይበልጥ። ሚያዝያ 27 ሥነ ሥርዓቱ እዚያው አንተ ሰፈር የድል ሐውልቱ ሥር ስለሆነ ጠዋት መንገድ ይዘጋል፤ ሽያጩ ከሰዓት ነው፣ አርበኞችን የሚመለከት ካለህ ያን ቀን ፊት ይውጣ። ሐምሌና ነሐሴ ከውጭ የሚመጣው ዘመድ አለ። ለእነዚህ ሁሉ ሦስት ሳምንት ቀድመህ ግዛ፤ በሳምንቱ ስትሄድ አከፋፋዩም ጨርሷል፣ ካለውም ቅናሹን ያጠብቃል።


ማታ አንባቢ መለሰ፦

ጋዜጣን በተመለከተ አጭር ልበል። ዜና ለመስማት ጋዜጣ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው፤ ወሬው ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ በቴሌግራም ደርሶታል። ዛሬ ጋዜጣ የሚሸጠው ጨረታና ክፍት የሥራ ቦታ ነው፣ ከዚያ ደግሞ አምድ አዘጋጁን የለመደ አንባቢ። ስለዚህ ቀኑን እወቅ። አዲስ ዘመን ዕለታዊ ነው፤ ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ፤ አዲስ አድማስ ቅዳሜ። የረቡዕ ሪፖርተር ሐሙስ ጠዋት ገና ሰው ይጠይቀዋል፤ የትናንት አዲስ ዘመን ግን ጨረታ የሚከታተል ካልሆነ ማንም አይፈልገውም።

አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ማንበብ የቆየ ልማድ ነው። መከራየቱን ከፈለግክ ለኪራይ የምታወጣውን አንድ ፍሬ ለይተህ ጠርዙን በስቴፕለር ምታው፤ አለዚያ የማስታወቂያው ገጽ ብቻውን ይሄዳል። የተከራየውን ጋዜጣ እንዳልተሸጠ አድርጎ ለአከፋፋይ መመለስ አይቻልም፣ እጥፋቱ ያስታውቃል፤ አንዴ ከተያዝክ ተመላሽ መቀበሉን ያቆማል። አሁን ያለው ችግር ስልክ ነው፤ ሰዉ ገጹን አንስቶ ሳይከፍል ይሄዳል። "ፎቶ ማንሳትም እንደ ማንበብ ይቆጠራል" ብለህ ካርቶን ላይ በጉልህ ጻፍ። የሚናደድ አለ፣ አብዛኛው ግን ይከፍላል።

ለመጀመሪያው ወር ከእያንዳንዱ 5 በላይ አትያዝ። ትርፉ ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ሰዉን ማቆሙ ነው። ርዕሰ ዜናውን ቆሞ የሚያነብ ሰው አጠገቡ ያለውን መጽሐፍ ያያል። ስለዚህ ጋዜጣውን ዳር ላይ አታንጠልጥለው፣ ከመጻሕፍቱ መሃል አድርገው። ነፋስ እንዳይወስደው ደግሞ ድንጋይ ሳይሆን ወፍራም መዝገበ ቃላት ጫንበት፤ እሱም አብሮ ይታያል።


እህተ መደብ መለሰች፦

ስለ ፖለቲካ ወሬው ጠይቀሃል። ከሁሉ በፊት አደራደሩ ይወስነዋል። የደርግ ሰው ማስታወሻ፣ የኢሕአፓ፣ የመኢሶን፣ ከ1983 በኋላ ሥልጣን ላይ የነበሩት፣ ከ1997 ምርጫ በኋላ የታሰሩት፣ ሁሉም የየራሱን ጽፏል፣ ሁሉም አንባቢ አለው። የአንዱን ወገን ብቻ አንድ ቦታ ከሰበሰብክ መደብህ ሰልፍ የወጣ ይመስላል። ባለ ጉዳዮቹን ጎን ለጎን አድርጋቸው፤ አንዱ የከሰሰውን ሌላው መልስ የጻፈበት ካለ ሁለቱን አጣብቃቸው። አንዱን ያነሳ ሰው ሌላውንም አብሮ የሚወስድበት ጊዜ ብዙ ነው። በሽፋኑ ላይ ባለው ዘመን መደርደርም ጥሩ ነው፣ "ለምን ከታች አደረግከው?" ለሚል ደንበኛ መልሱ አብሮ አለ፤ "ዓመቱን ተከትዬ ነው።"

በአነጋገሩ ወይም በስሙ ገምተህ "ላንተ የሚሆን አለኝ" እንዳትል። ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። ገምተህ ብታገኘው ሰውዬው ይሸማቀቃል፣ ብትስት ይቆጣል፤ በሁለቱም አይገዛም። ሲጠይቅህ ብቻ አቅርብ። "አንተስ ምን ትላለህ?" ሲልህ ስለ መጽሐፉ መልስ እንጂ ስለ ሰውዬው አትመልስ፤ "ስለ ጦርነቱ ያለው ክፍል ሰፊ ነው፣ ስለ እስር ቤቱ ግን በአጭሩ ነው ያለፈው።" ይህን ለማለት ማውጫውንና መግቢያውን ማንበብ አለብህ። አዲስ መጽሐፍ በያዝክ ቀን 20 ደቂቃ ስጠው፤ ማውጫ፣ መግቢያ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ፣ የፎቶ ገጾቹ። ያላነበበውን መጽሐፍ የሚሸጥ ነጋዴ ከዜናው ሌላ የሚያወራው ስለሌለው ነው ፖለቲካ ውስጥ የሚገባው።

ሁለት ደንበኞች ሲከራከሩ ሰው ይሰበሰባል፣ ነገር ግን የተሰበሰበው ሸራህን ይሸፍናል እንጂ አይገዛም። "ለማን ልጠቅልለው?" ብለህ መጽሐፉን አንሳ። ወይ አንዱ ይገዛል ወይ ሁለቱም ይሄዳሉ።

ቆሞ የሚያነበውን አታባርር። በምሳ ሰዓት የሚመጣው የቢሮ ሰው አሥር ቀን አንብቦ በደመወዝ ሳምንት ይገዛል። ነገር ግን ከአንድ ርዕስ አንዱን ብቻ ክፍት አድርገህ የቀሩትን በቀጭን ፕላስቲክ ጠቅልላቸው፤ ገዢው ንጹሑን ይፈልጋል፣ የተገለበጠውን መጨረሻ ላይ ትንሽ ቀንሰህ ትሸጠዋለህ።

ከሸራ ሥር ተደብቆ የሚሸጥ ነገር አይኑርህ። መጽሐፉ ምንም የሌለበት ቢሆን እንኳን ተደብቆ ሲወጣ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያስባል። ደራሲ፣ ማተሚያ ቤትና ዓመተ ምሕረት የሌለውን በራሪ ወረቀትም ሆነ ጥራዝ "ዝም ብለህ አስቀምጥልኝ" የሚል ቢመጣ አትቀበል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በኅትመት የሚሰራጨውንም ይመለከታል፤ ጸሐፊው በማይታወቅበት ጊዜ የሚገኘው አከፋፋዩ ነው።

ጡረተኞቹን ደግሞ አክብር። አባባ ወይም ጋሼ ብለህ በርጩማ አቅርብላቸው። የዘመኑን ሰው በስም ያውቃሉ፣ ሽፋን ላይ ያለውን ፎቶ አይተው "ይሄኛው እኮ እሱ አይደለም" ይሉሃል። ዋጋ ስትጠራ ይቆጣሉ፣ አትመልስላቸው። ነገ መጽሐፋቸውን የሚሸጡት ለሚያውቁት ሰው ነው።


ነጋሪት መለሰ፦

ኮፒውን እኔ ልመልስ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ።

የቅጂ መብት ሕጉ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። "ድሮ የወጣ ነው፣ ማንም ያባዛዋል" የሚለው የገበያ ወሬ ልክ አይደለም። ለምሳሌ "ፍቅር እስከ መቃብር" የታተመው በ1958 ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት ግን በ1996 ነው፤ 50ው የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ቅጣቱም ቀላል አይደለም፤ ሆን ተብሎ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። ማሰራጨትም ከደራሲው መብት ውስጥ ስለሆነ "እኔ አላተምኩትም" ማለት አያድንም። ቸልተኝነት የሚባለው ደግሞ አንተን ነው የሚመለከተው፤ 500 ብር የሚሸጠውን መጽሐፍ በ150 ያመጣልህን ሰው ከየት አመጣኸው አለማለት።

በእጅ የሚለይበት መንገድ ይህ ነው። ገጹን ፀሐይ ላይ አውጥተህ ጥቃቅን ጭረትና ቀለበት ያላቸውን ሆሄያት ተመልከት፤ ጨ፣ ጩ፣ ኘ፣ ዥ፣ ሿ። በኮፒው ላይ ቀለበቶቹ በቀለም ይሞላሉ፣ የፊደሉ ጠርዝም ያበጠ ይመስላል፤ ምክንያቱም ከታተመ ገጽ ላይ በስካነር ተነስቶ እንደገና የታተመ ስለሆነ ነው። ቀጥሎ የፎቶ ገጾቹን እይ፤ ፊት ጥቁር ሆኖ ዓይን ብቻ ከታየ ኮፒ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ርዕስ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ፣ የገጽ ቁጥሩ ከገጽ ገጽ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ሽፋኑ ሲታጠፍ ወዲያው ነጭ መስመር የሚያወጣ ከሆነ ተጠራጠር። በመጨረሻ መሃሉን ገልጠህ ጀርባውን ጫን አድርገው፤ የኮፒው ሙጫ ቅጠሎቹን ይለቃል።

በባርኮዱ ብቻ አትፍረድ። ከ978 ቀጥሎ 99944 የሚለው የኢትዮጵያ መለያ ነው፤ በራሳቸው ገንዘብ የሚያሳትሙ ደራስያን ግን ቁጥሩን ሳያወጡ የሚያትሙት ብዙ ነው፣ ኮፒ አድራጊውም ቁጥሩን አብሮ ይገለብጠዋል።

በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ አትሞ ጠርዞ የሚያመጣም አለ። ከማስታወሻ ደብተር ወረቀት የወፈረ ነጭ ወረቀት፣ በአንድ ገጽ ብቻ የታተመ ወይም ሰፊ ኅዳግ ያለው ከሆነ እሱ ነው። አትንካው።

አሁን ጥሩውን ልንገርህ። ያው አዋጅ የሕግ ጽሑፎችን ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል። አዋጅ፣ ደንብ፣ ሕገ መንግሥት አባዝቶ መሸጥ ይቻላል። ዜናን ተከትሎ ዘላቂ ሽያጭ የሚሰጥ ነገር ቢኖር እሱ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ አከራይም ተከራይም ይፈልገዋል፣ ወሬው ከበረደም በኋላ ውል ሲፈርሙ ይፈልጉታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የቤተሰብ ሕጉ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ እነዚህ አይሞቱም። ነጋሪት ጋዜጣው ከብርሃንና ሰላም መሸጫ አራት ኪሎ ይገኛል፣ ካንተ ጥቂት እርምጃ ነው። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ማሻሻያ ወጥቶበት እንደሆነ ጠይቅ። የተሻሻለውን ሕግ ያለ ማሻሻያው የሸጥክለት ሰው ፍርድ ቤት ደርሶ ተመልሶ ይመጣል፣ መጥቶም ቀስ ብሎ አይናገርም።


ሸራና ላስቲክ መለሰ፦

ክረምቱን። ዝናቡ ከላይ የሚመታው ያነሰው ነው፤ መጽሐፍ የሚገድለው ከሥር የሚመጣው እርጥበት ነው። ሸራውን በቀጥታ አስፋልት ላይ አትዘርጋ። ከሥር የእንጨት ጣውላ ርብራብ፣ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ በላዩ ላስቲክ፣ በላዩ ሸራ። ከላይ የምትሸፍንበት ላስቲክ ሸራው ካለው በእያንዳንዱ ጎን 50 ሳንቲሜትር ይብለጥ፤ ለ2 በ1.5 ሸራ 3 በ2.5 ሜትር ነው። አንዱን ረጅም ጎን ቀድመህ ከጣውላው ጋር አጣብቀው፣ ሲዘንብ አንድ እጅ ጎትቶ እንዲሸፍን። ጥርት ያለውን ላስቲክ ግዛ፣ ጥቁሩን አይደለም፤ እየዘነበ ታዛ ሥር የቆመ ሰው ርዕሱን ካነበበ ይገዛል።

የራሰ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ሙጫውም ይለቃል። በየ10 ቅጠሉ ንጹሕ የጋዜጣ ወረቀት አስገብተህ ጥላ ውስጥ አቁመው፣ በየሁለት ሰዓቱ ወረቀቱን ቀይር፤ ሊደርቅ ሲል አጋድመህ ከባድ ነገር ጫንበት። የሚያብረቀርቀው የፎቶ ገጽ ካለው ግን እሱን ቅድሚያ ስጥ፣ ወዲያው አንድ በአንድ ለያየው። ከተጣበቀ በኋላ ማንም አይለያየውም።

በጋ ላይ ደግሞ ፀሐዩ። ቀድሞ የሚጠፋው ቀይና ቢጫ ቀለም ነው፤ ሰማያዊው ስለሚቆይ ሽፋኑ የታመመ ይመስላል። ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ከሌለህ በየሰዓቱ የላይኛውን ከሥሩ ካለው ጋር ቀያይር፤ ከአንድ ርዕስ አንድ ብቻ ካለህ ገልብጠህ በጀርባ ሽፋኑ አስቀምጠው።

ክብደቱንም አስበው። 300 ገጽ ያለው መጽሐፍ ወደ 350 ግራም ነው፤ መቶው 35 ኪሎ። ትልልቅ ካርቶን እንዳትሞላ፣ 25 መጽሐፍ የሚይዝ ትንሽ ካርቶን ይበቃል። ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ሳይሆን ተጋድሞ ይደርደር።

ክፍያ ላይ፦ በቴሌብር ሲከፈልህ የደንበኛውን ስልክ ስክሪን አትመን፤ የተሠራ ስክሪንሾት አለ። ራስህ ስልክ ላይ ከ127 መልዕክቱ ገብቶ ስምና መጠኑን ካላየህ መጽሐፉን አትልቀቅ። ኔትወርክ በሌለ ጊዜ "ይገባልሃል" የሚል ካለ መጽሐፉን በስሙ አስቀምጥለት።


አዲስ መደብ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የጠበቅኩት እንዲህ ዝርዝር አልነበረም። አንድ የቀረ ነገር፦ ጋሼ የለገሀር ሰው፣ ላገለገሉት 10,000 ብር አሉ። ከየት ነው የሚገዙት? ዋጋውስ በምን ይተመናል?


የለገሀር ሰው፦

ምንጩ ሦስት ነው። አንደኛ ቆራሌው። ወረቀት በኪሎ ነው የሚገዛው፤ መጽሐፍና ደብተር አይለይም። ለሁለት ሦስት ቆራሌዎች ስልክህን ስጥና ከኪሎው ዋጋ እጥፍ እንደምትከፍል ንገራቸው፤ ወደ መጠቅለያ ሻጩ ከመሄዳቸው በፊት ይደውሉልሃል። ከመጣልህ ውስጥ ብዙው የማይረባ ነው፤ ቢሆንም የድሮ መጽሔትና የድሮ የመማሪያ መጽሐፍ እንዳትጥል፣ ፈላጊ አለው። ሁለተኛ ዩኒቨርሲቲ የሚጨርሰው ተማሪ፣ ሰኔ ላይ። ሦስተኛ ያልኩህ የጡረተኛ ቤት ነው፤ እሱን ሄደህ ነው የምታየው፣ አስመጥተህ አይደለም።

የምትከፍለው ከምትሸጥበት ከሲሶ አይብለጥ። መጀመሪያ የገጽ ቁጥሩን ተከታተል፤ በ16 በ16 ገጽ ስለሚጠረዝ ሲጎድል አንድ ቅጠል ሳይሆን አንድ ጥራዝ ነው የሚጎድለው፣ ከ64 ወደ 81 ሲዘል ታገኘዋለህ። ቀጥሎ እትሙ፤ አንደኛ እትም ከሆነና ማተሚያ ቤቱና ዓመቱ ያለበት ገጽ ካልተቀደደ ዋጋው ሌላ ነው። የቀድሞው ባለቤት ስምና ፊርማ አያረክሰውም፣ እንዲያውም ታዋቂ ሰው ከሆነ ይጨምርለታል። ብል የበላውን ግን ዋጋው ነጻ ቢሆን እንኳን አትውሰድ፤ ሌላውን ይበላብሃል። አጠራጣሪውን ለብቻው ላስቲክ ውስጥ አስረህ ሁለት ሳምንት አቆየው፣ ከሥሩ ዱቄት ከወረደ አስወግደው።

ሁለት ነገር በፍጹም አትግዛ። የቤተ መጻሕፍት ወይም የትምህርት ቤት ማኅተም ያለበትን፣ "የተሰረዘ" የሚል ማኅተም አብሮ ከሌለበት። እና ብራናውን። የብራና መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ በነጠላ ሸፍኖ ነው፣ አመሻሽ ላይ። ቅርስ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለበት ነው። "የአያቴ ነው" ቢልህም ዋጋ እንኳን አትጠይቀው፤ ዋጋ የጠየቀ ሰው ነገ ሲጠየቅ ምስክር ያለበት ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ብራና አለህ ወይ ቢልህም መልሱ ያው ነው፤ ለእሱ በ23 ኪሎ ሻንጣው የሚገባለት የድሮ እትም አቅርብለት።

መዝገበ ቃላት ካገኘህ ደግሞ፣ የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 እትም ወይም የከሣቴ ብርሃን ተሰማን የ1951፣ በዚያው ቀን አትሽጠው። ሸራው ላይም አታውጣው። ስልክ ቁጥራቸውን ከጻፍክላቸው ደንበኞች ለሦስቱ ደውል፤ የመጀመሪያው የሚጠራው ዋጋ ሁልጊዜ ዝቅተኛው ነው።